ሕግ ማንን ያያል? ስለ «ድፍረት» ፊልምና ስለ አንዲት ልጅ ራሷን የመከላከል መብት

መግቢያ

በዚህ እትም ስለ አንድ ፊልም ልጽፍላችሁ ነው። ስለ ፊልም መጻፍ የቲያትር ተማሪዎች ሥራ እንጂ የሕግ ተማሪ ሥራ አይደለም የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግን እስኪ ልብ በሉ፤ ዶርም ውስጥ ፍርድ ቤት ያለበት የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም በተከፈተ ቁጥር ሁላችንም ጠበቃ ወይ ዐቃቤ ሕግ ሆነን እንከራከር የለም እንዴ? በክፍል ውስጥ አንቀጽ ሲነበብልን የሚያንቀላፋው ሁሉ ያን ጊዜ ይነቃል። ስለዚህ ከዚሁ ብጀምር ጥፋት አይመስለኝም።

የእነዚያ ፊልሞች ዋና ጭብጥ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ የቆዳ ቀለምና የፍትሕ መበላሸት። በደንብ ከሚታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2019 በኔትፍሊክስ የወጣው ባለ አራት ክፍሉ «ዌን ዜይ ሲ አስ» ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሲያዩን» ማለት ነው። ዳይሬክተሯ ኤቫ ዱቬርኔ ትባላለች። ታሪኩ እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1989 ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ አንዲት ሴት ላይ በደረሰ ከባድ ጥቃት ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው አምስት ልጆች ተከሰሱ። አራቱ ጥቁሮች፣ አንዱ ከላቲን አሜሪካ ዝርያ ነበሩ። በረጅም ምርመራ የተገኘባቸው የእምነት ቃል ፈረደባቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 እውነተኛው አጥቂ ራሱ አምኖ፣ የዲኤንኤ ምርመራም አረጋግጦበት ፍርዱ ተሰረዘ። በ2014 ከተማው ለአምስቱ 41 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

«የእኛ አገርስ እንዲህ ያለ ፊልም የላትም ወይ?» ለሚል ሰው መልሴ «አላት» ነው። «ድፍረት» ይባላል። በእርግጥ «ድፍረት» ስለ ቆዳ ቀለም አይደለም፤ ጥያቄው ግን ያው ነው፤ ሕግ ሲመለከት ማንን ያያል፣ ማንንስ ሳያይ ያልፋል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፊልሙ ውስጥ ያለውን የሕግ ነጥብ ማብራራትና አንድ ነገር ማሳየት ነው። ልጅቷን ነጻ ሊያወጣት የሚችለው ሕግ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ ተጽፎ ነበር። የጠፋው አንቀጹ ሳይሆን አንቀጹ እሷንም እንደሚመለከት የሚቀበል ሰው ነበር።

ታሪኩ ባጭሩ

«ድፍረት» በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ተጽፎ የተዘጋጀ የአማርኛ ፊልም ነው። በጥር 2006 ዓ.ም. በአሜሪካ ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል፣ በወሩም በበርሊን ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። አንጀሊና ጆሊ በፕሮዲዩሰርነት ስሟ አለበት። ጠበቃዋን ሆና የምትሠራው ሜሮን ጌትነት ስትሆን ልጅቷን ሆና የምትሠራው ትዝታ ሐገሬ ናት።

መነሻው እ.ኤ.አ. በ1996 በአገራችን የደረሰ እውነተኛ ነገር ነው። ባለታሪኳን በእውነተኛ ስሟ አልጠራትም፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ላይ ታገኙታላችሁ። በፊልሙ ውስጥ ስሟ ሂሩት ነው፤ ዕድሜዋ 14። ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ በፈረስ የመጡ ወንዶች ጠልፈው ይወስዷታል። አንድ ጎጆ ውስጥ ይዘጉባታል። ሚስቴ ትሆናለች ያለው ሰው ሌሊቱን ይደፍራታል። በማግስቱ ጠመንጃ አግኝታ ታመልጣለች። ያባርሯታል፤ ይደርሱባታል፤ ትተኩሳለች፤ ጠላፊዋ ይሞታል። ፖሊስ የሚይዘው ታዲያ ማንን ነው? እሷን።

ወሬውን አዲስ አበባ ላይ የሰማችው ጠበቃ መዓዛ ወደ ቦታው ትሄዳለች። ይህቺ ጠበቃ በእውነተኛው ዓለም የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ የሆኑት ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። ማኅበሩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ ጉዳዩ ሲመጣ ገና ጨቅላ ነበር ማለት ይቻላል። በፊልሙ ውስጥ ጠበቃዋ ልጅቷን በዋስ ለማስፈታት ስትደክም፣ ከአካባቢው ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ጋር ስትጋጭ፣ በመጨረሻም ከፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ስትካሰስ እናያለን። በሌላ በኩል ደግሞ የአገር ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው በራሳቸው ሥርዓት ጉዳዩን ያያሉ። ፍርድ ቤቱ በመጨረሻ ልጅቷ ራሷን መከላከሏን ተቀብሎ ያሰናብታታል። እውነተኛዋ ባለታሪክም ሁለት ዓመት ገደማ ከፈጀ ክርክር በኋላ በዚሁ ምክንያት ነጻ ወጥታለች።

የስሙ ነገር

ወደ አንቀጾቹ ከመግባታችን በፊት ስለ ርእሱ አንድ ነገር ልበል። ለውጭ ተመልካች «ድፍረት» ማለት ጀግንነት ብቻ ነው። ለእኛ ግን ቃሉ ሁለት ፊት አለው። «ደፋር ናት» ስንል እናመሰግናለን፤ አንዳንዴም «አቤት ድፍረቷ!» ብለን እንኮንናለን። «ተደፈረች» ስንል ደግሞ የደረሰባትን ግፍ መናገራችን ነው። አጥቂውም ተከላካይዋም በአንድ ሥር ቃል ይጠራሉ። የክርክሩም ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ በዚያች ቀን የደፈረው ማን ነው? መንደሩ «ሰው የገደለች ደፋር» ሲል ጠበቃዋ «የተደፈረች ልጅ» ትላለች። ዳኛው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት።

ሕጋዊ መከላከል ምንድን ነው?

ልጅቷ ስትከሰስ ይሠራ የነበረው በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ በአንቀጽ 74 ሕጋዊ መከላከል፣ በአንቀጽ 75 ደግሞ ከመጠን ያለፈ መከላከል ተደንግጓል። ዛሬ በምንማረው የወንጀል ሕግ ተመሳሳዮቹ ድንጋጌዎች አንቀጽ 78 እና 79 ናቸው። ቃል በቃል ሳይሆን ሐሳቡን ላስቀምጠው። አንድ ሰው በራሱ ወይም በሌላ ሰው መብት ላይ የተቃጣን ወይም በመፈጸም ላይ ያለን ሕገ ወጥ ጥቃት ለመመከት የፈጸመው ድርጊት አያስቀጣም፤ ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል ከሆነና መከላከያው ከአደጋው ጋር የሚመጣጠን ከሆነ።

እንግዲህ አራት ጥያቄ አለ ማለት ነው። ጥቃቱ ሕገ ወጥ ነው ወይ? በወቅቱ ያለ ወይም የማይቀር ነው ወይ? ሌላ ማምለጫ ነበር ወይ? መከላከያውስ ይመጣጠናል ወይ? አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ለእኛ ተማሪዎች ቀላል ይመስላል። ጠለፋ ሕገ ወጥ ነው፤ አለቀ። ለመንደሩ ግን አላለቀም። የሟች ወገን ክርክር «ልጃችን ሌባ አይደለም፣ ሽፍታ አይደለም፤ ያደረገው አባቶቹ ያደረጉትን ነው፤ ሊያገባት ነበር» የሚል ነው። በዚህ አነጋገር ልማድ ጥቃቱን ወደ ሰርግ ዋዜማ ይለውጠዋል። ጥቃት ከሌለ ደግሞ መከላከል የሚባል ነገር የለም፤ የሚቀረው ነፍስ ግድያ ብቻ ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ከነሐሴ 1987 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 9 ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ልማዳዊ አሠራር ተፈጻሚነት የለውም ይላል። አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነጻ ፈቃድ ላይ ብቻ ይመሠረታል ይላል። አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶችን ከጎጂ ልማድ ተጽዕኖ ማላቀቅ የመንግሥት ግዴታ ያደርገዋል። ልጅቷ በተጠለፈች ጊዜ ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። መድፈሩ የተፈጸመው ሌሊት ነው፤ ጥይቱ የተተኮሰው በማግስቱ ነው። ዐቃቤ ሕግ «ጥቃቱ አልፏል፤ ይህ በቀል ነው» ሊል ይችላል። ብዙ ተማሪም እዚህ ላይ ይሰናከላል። ነገር ግን ጠለፋ አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚያልቅ ወንጀል አይደለም። ሰውየው ልጅቷን በቁጥጥሩ ሥር እስካደረገ ድረስ ጥቃቱ ይቀጥላል። አምልጣ ስትሮጥ የሚያባርሯት ሰዎች ያላለቀውን ሥራ ሊጨርሱ የሚሮጡ ናቸው። ብትያዝ ወዴት እንደምትመለስ የታወቀ ነው፤ ወደዚያችው ጎጆ። ስለዚህ ጥቃቱ ያለፈ ሳይሆን በመፈጸም ላይ ያለ ነው።

በሦስተኛው ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። በገጠር ሜዳ ላይ፣ ጣቢያ በሌለበት፣ ብቻዋን የምትሮጥ የ14 ዓመት ልጅ «ለፖሊስ ማመልከት ነበረባት» የሚል ሰው ገጠርን አያውቅም። አራተኛው የመመጣጠን ጥያቄ ነው። ሕይወት ከአካል ነጻነት ይበልጣል ተብሎ ሊቀርብ ይችላል። ሕጉ ግን ሚዛን ላይ የሚያስቀምጠው የአደጋውን ክብደትና ሊጠበቅ የተፈለገውን መብት ነው። አንድ ጊዜ የተደፈረች፣ በብዙ ወንዶች የምትባረር ልጅ ፊት የቆመው አደጋ ዕድሜ ልኳን የሚዘልቅ ነው። ደግሞስ መጠኑ አልፏል ቢባል እንኳ አንቀጽ 75 ቅጣት የሚቀንስበትን መንገድ ከፍቶ ነበር። በየትኛውም በኩል ቢገባ ጉዳዩ ተራ ነፍስ ግድያ አይሆንም።

ሁለት ምላስ ያለው ሕግ

እዚህ ላይ ፊልሙን ሲያዩ በቀላሉ የሚያልፉትን አንድ ነገር ላንሳ። ያው የ1949 ዓ.ም. ሕግ ጠለፋን በአንቀጽ 558 ወንጀል ያደርገዋል፤ አስገድዶ መድፈርንም እንዲሁ። ነገር ግን አንቀጽ 558 እና 599 ጠላፊው ወይም ደፋሪው ተበዳይዋን ካገባ ክስ እንዳይቀርብበት ይፈቅዱ ነበር። «በነጻ ፈቃዷ ካገባችው» የሚል ቃል አለበት፤ ሆኖም ተደፍራ፣ ቤት ተዘግቶባት፣ ሽማግሌ ተልኮ «አሁንማ ማን ያገባታል?» ሲባል የትኛው ነጻ ፈቃድ ነው?

አሁን የጠላፊውን ስሌት አስቡት። መጀመሪያ ይጠልፋል፤ ይደፍራል፤ ከዚያ ሽማግሌ ይልካል። ቤተሰቡ ውርደቱን ለመሸፈን ይስማማል። ጋብቻ ይፈጸማል፤ መዝገቡም ይዘጋል። ስለዚህ ልማዱ ብቻውን አልነበረም፤ ሕጉም በሩን ከፍቶ ይጠብቀው ነበር። አንድ እጁ «ወንጀል ነው» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው እጁ «ካገባሃት ግን ምንም አይደል» ይላል።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ያስደነግጣል። ሂሩት ባታመልጥ ኖሮ ጉዳዩ ፍርድ ቤት አይደርስም ነበር። ችሎት ፊት የቆመችው ስላመለጠች ነው። ዝም ብላ ብትቀመጥ ተበዳይ ተብላ እንኳ አትመዘገብም፤ ሙሽራ ትባላለች። ሕጉ ያያት ጠመንጃ ከያዘች በኋላ ነው፤ ያውም እንደ ወንጀለኛ።

ይህ በር የተዘጋው በአዋጅ ቁጥር 414/1996 በወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው የወንጀል ሕግ ነው። አንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ከጠለፋው በኋላ የሚደረግ ጋብቻም ከተጠያቂነት እንደማያድን በግልጽ ይናገራል። መድፈር ከተጨመረበት ደግሞ በአንቀጽ 620 ተደራርቦ ይከሰሳል። ለዚህ ለውጥ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ብዙ ደክሟል፤ የዚህች ልጅ ጉዳይም ክርክሩን ከመንደር ወደ አገር አደባባይ ካወጡት አንዱ ነበር።

ዕድሜ፦ ማን ልጅ ነው?

አሜሪካኖቹ ልጆችና የእኛዋ ልጅ የሚገናኙበት ቦታ ዕድሜ ነው። ኒውዮርክ ላይ ከአምስቱ አንዱ 16 ዓመት ስለሞላው ብቻ እንደ አዋቂ ተቆጥሮ ከአዋቂዎች ጋር ታሰረ፤ ወደ 13 ዓመት ያህልም ተቀመጠ። ጋዜጦቹ አምስቱንም የጠሯቸው እንደ አውሬ መንጋ ነው። ልጅነታቸው የማይታየው በቆዳቸው ምክንያት ነበር። በ«ድፍረት» ውስጥም የሂሩት ዕድሜ መከራከሪያ ሆኖ ሐኪም ዘንድ ያደርሳታል።

ለምን ይህን ያህል አስፈለገ? በሕጋችን ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ልዩ አያያዝ አለው፤ ለአዋቂ የተደነገገው ቅጣት በቀጥታ አይፈጸምበትም። ከ15 በላይ ከሆነ በመደበኛው ሕግ ይከሰሳል፤ 18 ያልሞላው ግን ሞት አይፈረድበትም። ስለዚህ 14 እና 16 ማለት የሁለት ዓመት ልዩነት ብቻ አይደለም፤ የሌላ ሕግ ዓለም ነው። ሐኪም በጥርስና በአጥንት ሲገምት ደግሞ ግምቱ በአንድ ሁለት ዓመት ወዲህ ወይ ወዲያ ሊል ይችላል። አስቡት፤ የአንዲት ልጅ ዕጣ በዚያች ስሕተት ውስጥ ነው ያለው።

በእኛ በላስታ ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። እኔ ያደግሁበት ኩልመስክ ውስጥ እናቶችን የልጃችሁ ዕድሜ ስንት ነው ብትሏቸው ቀን አይነግሯችሁም። «ከ77ቱ ድርቅ በፊት ናት»፣ «ክርስትናዋ የጾም ፍልሰታ ሰሞን ነበር» ይሏችኋል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ስለምትነሳ ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥሮ ማግኘት ይቻላል፤ ግን ዓመቱን ማን ያስታውሳል? የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደች የገጠር ልጅ ዕድሜዋ ማለት ሌሎች የሚሉት ነው። ሊድሯት ሲፈልጉ «18 ሞልቷታል» ይባላል፤ ለመማር ስትጠይቅ «ገና ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች» ይባላል።

በነገራችን ላይ በእኛ አካባቢ ይበልጥ የሚታወቀው ጠለፋ ሳይሆን በወላጆች ስምምነት የሚፈጸመው ያለዕድሜ ጋብቻ ነው። ፈረስና ጠመንጃ የለበትም፤ ጥሎሽና ድንኳን ነው ያለው። ጥር ወር የሰርግ ወር ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ከጥምቀት በኋላ ወደ ክፍል ያልተመለሰች ልጅ ነበረች። መምህሩ ስሟን ለጥቂት ቀናት ጠራ፤ ከዚያ ተወው። ማንም «የት ሄደች?» አላለም፤ ሁላችንም እናውቅ ነበርና። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴት የጋብቻ ዕድሜ 15 ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ 18 አደረገው፤ የክልላችንም የቤተሰብ ሕግ ይህንኑ ተከትሏል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ከ13 ዓመት በላይ ያለችን ልጅ ያለዕድሜዋ ያገባ ሰው እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት እንደሚታሰር ይደነግጋል። ሕጉ ጥሩ ነው። ያቺ ልጅ ግን ከስም ጥሪ መዝገብ ስትሰረዝ ሕጉ አላያትም።

ጉቦ የሌለበት ሙስና

የአሜሪካኖቹ ፊልሞች ብልሹ ፖሊስ ሲያሳዩ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ወይም የተደበቀ ማስረጃ አለበት። በ«ድፍረት» ውስጥ ግን እኔን የገረመኝ ዋናው እንቅፋት ጉቦ አለመሆኑ ነው። ፖሊሱ የተከፈለው ነገር የለም። ዐቃቤ ሕጉም እንዲሁ። የሚያደርጉት ሁሉ ከልብ የሚያምኑበት ነው፤ ሰው ሞቷል፣ የገደለችው ደግሞ ሴት ልጅ ናት፣ አገር ምን ይላል?

እኛ ሙስና ስንል የምናስበው በፖስታ የሚሰጥ ብር ነው። በሥልጣን አላግባብ መገልገል በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 407፣ ጉቦ መቀበል በአንቀጽ 408 ተደንግገው ነበር። ነገር ግን ዋስትና በሚያስፈቅድ ጉዳይ «ነገ ነይ» እያሉ ማመላለስ፣ የተበዳይን ቃል አሳጥሮ መጻፍ፣ «በሽማግሌ ጨርሱት» ብሎ መዝገብ አለመክፈት በየትኛው አንቀጽ ይያዛል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው እንደ ንጹሕ ይቆጠር ይላል። እነዚህን መብቶች የሚያሳጣው ብር ብቻ ሳይሆን ዝምድናም፣ ይሉኝታም፣ «የአገር ባህል ነው» የሚል አንድ ቃልም ነው። እንዲያውም ይኸኛው ይከፋል። ጉቦ የበላ ሰው እንደሚደበቅ ያውቃል፤ በልማድ ያደላ ሰው ግን ፍትሕ የሠራ ይመስለዋል።

ይህን ስል ሽማግሌን ማንቋሸሼ አይደለም። በላስታ ደም አድራቂ ሽማግሌዎች ባይኖሩ ስንት ቤተሰብ በደም ተላልቆ እንደነበር የአካባቢው ሰው ያውቃል። በፊልሙም ውስጥ ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ተነሥተው፣ ተደማምጠው ነው የሚነጋገሩት፤ ከከተማው ቢሮ የበለጠ ጨዋነት አለ። ውሳኔያቸውም ልጅቷ ትሙት ሳይሆን ከአገር ትውጣ ነው። ችግሩ ግን ይህ ነው፤ ሥርዓቱ የሚያስታርቀው ሁለት ቤተሰቦችን ነው። ደም የፈሰሰበት ወገን አለ፣ ደም ያፈሰሰ ወገን አለ። በመሐል ያለችው ልጅ ወገን አይደለችም። የምትናገርበት ተራ የላትም። ለሰላም ሲባል ከቀዬዋ የምትነቀለው ግን እሷ ናት።

ፊልሙ ራሱ ችሎት ሲቀርብ

አሁን ስሟን ለምን እንዳልጠራሁ ልንገራችሁ። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. ፊልሙ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ እንግዶች ተቀምጠው ሳለ የፍርድ ቤት እግድ መጣና ቀረ። እግዱ የወጣው ታሪኩ የደረሰባት ሴት ባቀረበችው አቤቱታ ነበር፤ የእኔ ታሪክ ያለ እኔ ፈቃድ ተሠራ የሚል። በኋላ እግዱ ተነሥቶ ፊልሙ ለሕዝብ ታይቷል።

ብዙ ሰው ይህን ያየው እንደ ገንዘብ ጥል ነው። እኔ ግን የፊልሙን ጥያቄ ወደ ፊልሙ ራሱ የመለሰ አጋጣሚ ይመስለኛል። «ሲያዩን» ከተሠራ በኋላ አምስቱ ሰዎች ከዳይሬክተሯ ጋር በየመድረኩ ቆመው ስለ ራሳቸው ተናግረዋል። የእኛዋ ባለታሪክ ግን ድምፅዋን ያሰማችው በእግድ ማመልከቻ ነው። ፊልሙ እንደ ሥራ ይደነቃል፤ ትወናውም፣ ገጠሩን ያሳየበት መንገድም። ሆኖም የታሪኩ ጀግና ብዙውን ጊዜ ከከተማ የመጣችው ጠበቃ ናት፤ ልጅቷ በአመዛኙ ዝም ያለች ናት። መንደሩ ሳይጠይቃት ወሰነላት፣ ፖሊስ ሳይጠይቅ አሠራት፤ ታሪኳን ለዓለም የሚነግርላት ሰው መጀመሪያ ሊጠይቃት ይገባ ነበር። ሕጋችን የሰውን የግል ሕይወት የሚጠብቀው ለታዋቂ ሰው ብቻ አይደለም። የምንማርበት ማንኛውም የፍርድ መዝገብ ውስጥ በሕይወት ያለ ሰው እንዳለ ይህ ያስታውሰናል።

ማጠቃለያ

የልጅቷን ጉዳይ የያዙት ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. ድረስም በዚያ ወንበር ቆዩ። ጋብቻ ወንጀልን ያጥባል የሚለው ድንጋጌም ተሽሯል። የሕጉ ጽሑፍ ረጅም መንገድ ተጉዟል ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ከላይ እንዳየነው ሂሩትን ነጻ ያወጣት አዲስ ሕግ አልነበረም። አንቀጽ 74 ለ40 ዓመት ያህል በመጽሐፉ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በእነዚያ ዓመታት መሬቱን፣ ከብቱን፣ ክብሩን ሲከላከል ሰው የገደለ ወንድ አንቀጹን ሲጠቅስ ማንም አይገረምም። ያስገረመው አንዲት የገጠር ልጅ «እኔም እኮ ራሴን ነው የተከላከልኩት» ማለቷ ነው። የኒውዮርኮቹም ልጆች ነገር ያው ነው፤ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት በአገራቸው ሕግ ነበረ፤ እነሱ ላይ ሲደርስ ግን ተሰወረ።

እንግዲህ ከእኛ መካከል ነገ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት፣ ወደ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያ የምንሄድ አለን። አንዳንዶቻችን ወደ ላስታም እንመለሳለን። እዚያ የሚጠብቀን ትልቅ የችሎት ትዕይንት አይደለም። ጠዋት ቢሮ በር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከአባቷ ኋላ ቆማ፣ ቀና ብላ የማታይ ልጅ ናት። አባትየው ይናገራል፣ ሽማግሌው ይናገራል፣ እሷ ዝም ትላለች። የዚያን ቀን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ መጠየቅና መልሷን ሳያሳጥሩ መጻፍ ከዚህ ክፍል ከምንማረው አንቀጽ ሁሉ የሚቀድም ይመስለኛል። ፊልሙን ያላያችሁ እዩት፤ ያያችሁትም የሕግ መጽሐፋችሁን ይዛችሁ ድገሙት። ክርክር ካላችሁ በሚቀጥለው እትም እንገናኝ። ቸር ይግጠመን።